የሽቪሉ ጋዝ ያለው ሰው ቤት ነው

  

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጋዝ ነው። ስለ ቤት ጋዝ ዋጋ መናገር አልፈልግም፤ እሱን በየወሩ ሒሳቡ ይነግረናል። የምጽፈው ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው በጀርባው ስለሚይዛት ትንሽ የጋዝ ጣሳ ነው። «ደግሞ ይሄ ምን ጉዳይ ሆኖ ይጻፋል?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በውስጡ ያለው ጉዳይ የራሳችን ነው። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ በሽቪል እስራኤል ላይ ጋዝ ያለቀበት ሰው በመጨረሻ የሚረዳው ሱቅ ሳይሆን ሰው ነው። እኛ ቤተ እስራኤል ደግሞ ቤታችን በዚሁ መንገድ ዳር ሆኖ ሳለ መንገዱ አያውቀንም፣ እኛም አናውቀውም። ይህ መለወጥ አለበት እላለሁ።

ለማያውቁት መንገዱን ላስተዋውቅ። ሽቪል እስራኤል በሰሜን ጫፍ ከኪቡጽ ዳን ተነስቶ በደቡብ እስከ ኤላት የሚደርስ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የእግር መንገድ ነው። የተከፈተው በ1995 ነው። በድንጋይና በግንብ ላይ ነጭ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለም እየተቀባ ምልክት ተደርጎበታል። ነጩ የሔርሞን በረዶ፣ ሰማያዊው ባሕሩ፣ ብርቱካናማው የበረሃው አሸዋ ነው ይላሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሁለት ወር ገደማ ይፈጅበታል።

እኔ የሄድኩት በ2022 መኸር፣ ከሱኮት በዓል በኋላ ነው። የ32 ዓመት ሰው ነበርኩ። አብረውኝ በጻባ ያገለገሉት ልጆች አገልግሎታቸውን እንደጨረሱ ገሚሱ ወደ ሕንድ ገሚሱ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄዱ። እኔ ግን ብየዳ ተምሬ ስለነበር በማግስቱ ወደ ሥራ ገባሁ። ቤት ውስጥ የሚጠብቁኝ ታናናሾች ነበሩ፤ ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ የብዙዎቻችን ቤት ታሪክ ነው። ታናናሾቼ ራሳቸውን ሲችሉ ግን ሁለት ወር ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ።

አጎቴ መሄዴን ሲሰማ ደወለልኝ። አጎቴ በ1984 በሱዳን በኩል በእግሩ የመጣ ሰው ነው። «ልጄ፣ ያባረረህ አለ እንዴ? ሰው ቤት እያለው፣ አውቶቡስ እያለ፣ ሁለት ወር በእግሩ የሚሄደው ለምንድን ነው?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? በዚያ መንገድ ላይ 4,000 ያህል ወገኖቻችን አልቀዋል። እነሱ የሄዱት ኢየሩሳሌም ለመድረስ ነው፤ እኛ ደግሞ የደረሱበትን አገር በእግራችን እንድናውቀው ነው አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እንግዲያው ስንቅህን አደራ፤ መንገድ ሰውን የሚጥለው በስንቅ ነው» አለኝ። የሰማሁት ምክር ሁሉ ከዚህ አይበልጥም። እናም ወደ ስንቁ ልግባ።

በዚህ አገር በቀላሉ የሚገኙት ትናንሽ የጋዝ ጣሳዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ ምድጃው ወግቶ የሚበሳት፣ ወታደሩም ተጓዡም ቡና የሚያፈላባት የጋዚያ ጣሳ ናት። ይህችን በየሱፐርማርኬቱ፣ በየኪዮስኩ፣ በየነዳጅ ማደያው ታገኟታላችሁ። ችግሯ አንዴ ከተበሳች ባዶ እስክትሆን ከምድጃው አትነቀልም። ሁለተኛዋ እንደ ሽቶ ቆርቆሮ ረዘም ያለች፣ በጠረጴዛ ምድጃ ውስጥ በአግድም የምትገባ ናት። እሷም በየሱቁ አለች፤ ምድጃዋ ግን ለጀርባ ሸክም አይመችም። ሦስተኛዋ አናቷ ላይ ጥርስ ያላት፣ ምድጃው እንደ ብሎን የሚጠመዘዝባት ናት። ምድጃው ሲፈታ ቫልቩ ራሱ ይዘጋል። ረጅም መንገድ ለሚሄድ የምትሻለው ይህች ናት፤ ቀላል ናት፣ ትፈታለች፣ ትታሰራለች። ግን በአብዛኛው የምትገኘው የጉዞ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ነው፤ እነዚህ ሱቆች ደግሞ በትልልቅ ከተሞች እንጂ በበረሃ መንደር የሉም። አንዱ ምድጃ የሌላውን ጣሳ አይቀበልም። ስለዚህ «ጋዝ አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «የምትጠመዘዘዋ አለች?» ማለት ያስፈልጋል።

ስንት ይበቃል? አንድ ሊትር ውኃ ለማፍላት ነፋስ ከሌለ ከ10 እስከ 15 ግራም ጋዝ ይፈጃል። ጠዋትና ማታ ቡናና ሻይ፣ ማታ ላይ ሩዝ ወይም ፓስታ የሚቀቅል አንድ ሰው በቀን 25 ግራም ገደማ ያቃጥላል። 230 ግራም የያዘች መካከለኛ ጣሳ እንግዲህ ዘጠኝ ቀን ያህል ትሄዳለች ማለት ነው። ነፋስ ካለ ደግሞ ግማሹ ጋዝ ድስቱን ሳይሆን ሰማዩን ያሞቃል! ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ጣሳዋን ሙሉ ሳለች መዝኑ፤ ቁጥሩንም በላይዋ ጻፉ። በሌላ ጊዜ ስትመዝኗት የጎደለው የተቃጠለው ነው። ሚዛን ከሌለ ውኃ ላይ አንሳፏት፤ እየቀለለች በሄደች ቁጥር ከውኃው በላይ ከፍ ትላለች።

ስለ ብርዱም ላንሳ። በብየዳ ትምህርት ቤት አንድ አስተማሪ ነበረን፤ እሳቱን ከማሳየቱ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ሲሊንደር ብቻ ያስተማረን። ያኔ ሰልችቶን ነበር፣ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። በጣሳ ውስጥ ያለው ጋዝ ፈሳሽ ነው፤ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ሲወጣ ነው የሚነደው። ቡቴን የሚባለው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከፈሳሽነቱ አልነሳም ይላል። ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ ይሠራል። ርካሾቹ ጣሳዎች በአብዛኛው ቡቴን ብቻ ናቸው። «በረሃ ምን ብርድ አለው?» እንዳትሉ፤ ሚጽፔ ራሞን ከባሕር በላይ ከ800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የክረምት ሌሊቷ አጥንት ይሰብራል። ጠዋት ጣሳው ሞልቶ እያለ ምድጃው ካልነደደ ጋዙ አላለቀም፣ በርዶት ነው። ማታ ወደ መኝታ ከረጢታችሁ አስገቧት፤ ጠዋት እንደ ልጅ ትነሳለች። እሳት አጠገብ ለማሞቅ ግን በፍጹም!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ጋዙ ከየት ይገኛል? ሰሜኑና መሐል አገሩ ችግር የለበትም። መንገዱ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ከተማ አጠገብ ያልፋል። ከአራድ ወደ ደቡብ ሲታለፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከሚጽፔ ራሞን እስከ ኤላት ለብዙ ቀን የሚታየው ድንጋይ፣ ሰማይና አንዳንዴ የሜዳ ፍየል ነው። በዚያ ክፍል ተጓዦች ውኃቸውን አስቀድመው በመኪና አስወስደው ያስቀምጣሉ፤ ውኃ በፀሐይ ቢሞቅም ይጠጣል። ጋዝን ግን ፀሐይ ላይ ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ በጣሳው ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ተጽፎበታል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድም «ከአሜሪካ ይዤልህ ልምጣ» ካላችሁ እምቢ በሉት፤ የጋዝ ጣሳ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ በአውሮፕላን መያዝ ክልክል ነው።

«ታዲያ እንጨት ለቅሞ ማንደድ ነው!» የሚል ይኖራል። እኛ በእንጨት ጭስ ያደግን ሰዎች ነንና ይህ ቶሎ ይመጣልናል። ግን በተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች እንጨት መልቀም ክልክል ነው። በበረሃ አንዲት ደረቅ ግንድ የስንት ፍጥረት ቤት ናት። በሰሜን ደግሞ ሽቪሉ የሚያልፈው በካርሜል ተራራ ላይ ነው፤ በዲሴምበር 2010 እዚያ በተነሳው ቃጠሎ 44 ሰዎች ሞተዋል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለነገር ቢሆንም ለጫካም ይሠራል።

እኔ ራሴ የገጠመኝን ልንገራችሁ። በደቡብ በአንድ ከተማ ያለ ሱቅ ከሁለት ቀን በፊት ደውዬ ስጠይቅ «የምትጠመዘዘዋ አለች፣ ና» ብሎኝ ነበር። ስደርስ ያለችው የምትበሳዋ ብቻ ናት። ሻጩ ትከሻውን ነቀነቀ። የነበረኝ ጋዝ ለአንድ ቀን ተኩል የሚበቃ ነበር፤ ከፊቴ ያለው ደግሞ የበረሃው ክፍል ነው። በዚያች ሌሊት ያሳደሩኝ አንዲት አሮጊት የሞሮኮ ሴት ናቸው። እኚህ ሴት ከማላኬ ሃሽቪል፣ ከመንገዱ መላእክት አንዷ ናቸው። የመንገዱ መላእክት ማለት ተጓዥን ያለ ገንዘብ የሚያሳድሩ፣ ውኃ የሚሰጡ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች ናቸው፤ ዝርዝራቸው በኢንተርኔት ይገኛል።

ስለ ጋዙ ስነግራቸው ወደ በረንዳ ወስደው አንድ ካርቶን አሳዩኝ። በውስጡ አሥር የሚሆኑ የጋዝ ጣሳዎች አሉ፤ አንዷ ግማሽ፣ አንዷ ሩብ፣ አንዷ ሙሉ ማለት ይቻላል። ከኤላት ወደ ሰሜን የሚሄዱት እዚያ ሲደርሱ የተረፋቸውን ይተዋሉ፤ ወደ ደቡብ የሚወርዱት የጎደላቸውን ይወስዳሉ። ሴትዮዋ ስለ ጋዝ ምንም አያውቁም፣ ምድጃ ላይ ጥደው እንኳ አያውቁም። ካርቶኑን ማስቀመጥ ብቻ ነው ሥራቸው። ሁለት ግማሽ ጣሳ መርጬ ወሰድኩ፤ በውኃ አንሳፍፌ ለካሁና እስከ ኤላት አደረሱኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይህ አይደለም ወይ?

ያን ጊዜ ወዲያው ትዝ ያለኝ ከሳምንታት በፊት ያለፍኩባት ነታኒያ ናት። መንገዱ በነታኒያ ባሕር ዳር ነው የሚያልፈው። አክስቴ ከዚያ ሩቅ ሳይሆን ትኖራለች። ቦርሳዬን ተሸክሜ፣ ጺሜን አሳድጌ በሯ ላይ ስቆም ደንግጣ «ልጄን ምን አገኘብኝ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ እግሬን አጠበችኝ፣ እንጀራ አቀረበች፣ ሦስቱንም ቡና አስጠጣችኝ። ጎረቤቶቿ መጡ፤ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁ። ነጩን፣ ሰማያዊውንና ብርቱካናማውን ምልክት ሁሉም አይተውታል፤ ባሕር ዳር ሲሄዱ በየጊዜው ያልፉታል። ምን እንደሆነ ግን አንዳቸውም አያውቁም። «የውኃ ቧንቧ ምልክት መስሎኝ» አሉ አንድ አባት። እስቲ አስቡት፤ እንግዳ ተቀብሎ እግር በሚያጥብ ሕዝብ ደጃፍ በየዓመቱ ብዙ የደከመ መንገደኛ ያልፋል፣ በሩን ግን የሚያንኳኳ የለም፤ ያ በር እንዳለ የነገረው የለምና።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 23 ቀን ለስግድ በዓል ጉዞዬን አቋርጬ ኢየሩሳሌም ወጣሁ። ስግድ በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ከሆነ ወዲህ ከመላ አገሪቱ ሰው ይመጣል። ጾሙ ተፈትቶ ሰው ሲቀማመስ ከነታኒያ፣ ከሐዴራ፣ ከኪርያት ጋት፣ ከዲሞና የመጡትን እየዞርኩ «ሽቪሉ በከተማችሁ ወይም በአጠገባችሁ እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ?» እያልኩ ጠየቅሁ። ከጠየቅኳቸው ሰዎች አውቃለሁ ያለኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ከትምህርት ቤቱ ጋር አንድ ቀን ሄዶበት ነው። ቤታችን በመንገዱ ላይ እንደ ዶቃ ተደርድሯል፤ እኛ ግን በመንገዱ ላይ የለንም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። በነዚህ ከተሞች ያለን ቤተሰቦች፣ ቢያንስ በየከተማው አንድ ሁለት ቤት፣ ከመንገዱ መላእክት ጋር እንመዝገብ፤ በየቤታችንም ያቺን የጋዝ ካርቶን እናስቀምጥ። ይህን የምለው ለተጓዡ አዝኜ ብቻ አይደለም፤ ለራሳችን ነው። በዚህ አገር ስማችን ሲነሳ ሁልጊዜ ከክሊታ ጋር፣ ከእርዳታ ጋር፣ ከፕሮጀክት ጋር ነው። ሁልጊዜ ተቀባይ ተደርገን ነው የምንታየው። ሳባራ ልጅ ከሠራዊት ወጥቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ ርቦት በኛ ቤት ሲገባና የኛ እናት «ግባ ልጄ» ብላ ስታበላው ግን፣ ሰጪዋ እሷ ናት። ይህን ልጅ ነገ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ፣ ፖሊስ ሆኖ፣ አስተማሪ ሆኖ እናገኘዋለን። የበላበትን ቤት አይረሳም። እኔ በሰላማዊ ሰልፍም ወጥቻለሁ፣ እሱም ያስፈልጋል፤ ግን ሰው ሰውን የሚያውቀው በማዕድ ነው።

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ አንዳንዱም እውነት አለው። «ቤታችን ጠባብ ነው፣ ልጆች ብዙ ናቸው» ለሚለው፦ ማሳደር ግዴታ አይደለም። ውኃ፣ ቡናና ካርቶን ይበቃል። «ዕብራይስጥ አልችልም» ለሚሉ እናቶች፦ ልጆቻችሁ ይችላሉ፤ እንዲያውም ልጆቹ እናታቸው ስትከበር የሚያዩበት ጥሩ አጋጣሚ ነው። «የፈረቃ ሥራ ነው ያለን፣ ደክሞናል» ለሚለው፦ ስልክ ቁጥር ሲመዘገብ የሚቻልበትን ሰዓት መጻፍ ይቻላል፤ አይቻልም ማለትም ነውር የለውም። «የማናውቀውን ሰው እንዴት እናስገባለን?» ለሚለው ግን ፍርሃቱን አልንቅም፤ ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤት ካርቶኑን ደረጃ ላይ ወይም ምኩራብ አጠገብ ያለ ዘመድ ቤት ማድረግ ይችላል። ሁሉም እንደ አቅሙ።

ካርቶኑ ግን ሥርዓት ይፈልጋል፤ ይህን እንደ በያጅ ነው የምናገረው። ጥላ ባለበት በረንዳ ላይ ይቀመጥ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ይራቅ፣ ሕፃናት አይድረሱበት። ተበስታ ጋዝ የቀረባት ጣሳ አትገባም፤ የምትጠመዘዘዋ ብቻ ትግባ። ከመቀመጧ በፊት አናቷ ላይ የሳሙና ውኃ ጠብ ይደረግ፤ አረፋ ካወጣች ታፈስሳለችና አትቀመጥ። የዛገች ወይም የተጨረማመተች አትቀመጥ። ከትልቁ የቤት ባሎን ወደ ትንሿ ጣሳ እሞላለሁ የሚል ጎበዝ ከመጣ ደግሞ በፍጹም አትፍቀዱለት! ትንሿ ለዚያ አልተሠራችም፣ ልትፈነዳ ትችላለች። ለተጓዡም፦ ድንኳን ዘግቶ ውስጡ ምድጃ ማንደድ ሽታ በሌለው ጭስ ይገድላል። ጣሳዋን ዙሪያዋን በነፋስ መከላከያ መክበብም ያግላታል፤ ከአንድ ወገን ብቻ ይከለል።

ይህ የካርቶን ልማድ የእስራኤል ፈጠራ አይደለም። የሽቪሉን ሐሳብ ወደዚህ አገር ያመጣው አብርሃም ታሚር የተባለ ጋዜጠኛ ነው፤ በአሜሪካ የአፓላቺያን መንገድን ከሄደ በኋላ ከኡሪ ድቪር ጋር ሆኖ ነው እዚህ የተከለው። የአሜሪካው መንገድ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያም ተጓዦች በሚያርፉባቸው ቤቶች የተረፈ ምግብና ግማሽ የጋዝ ጣሳ የሚቀመጥበት ሣጥን አለ። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ያ መንገድ በቨርጂኒያ ተራሮች ላይ ያልፋል፤ ሐርፐርስ ፌሪ የምትባለዋ ከተማ ከዋሽንግተን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት። የኛ ነገር ለናንተም ይሠራል ለማለት ነው።

ለወጣቶቻችን ደግሞ አንድ ቃል። ጋዝ ስላጣችሁ ጉዞ አይቁም። ዛሬ በአሜሪካም በአውሮፓም አንዳንድ ተጓዦች ምድጃ ትተው ምግባቸውን በቀዝቃዛ ውኃ እየዘፈዘፉ ይበላሉ፤ እንደ አዲስ ግኝትም ያወሩለታል። የኛ እናቶች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ! በሶ ምንድን ነው? ጭኮ ምንድን ነው? ዳቦ ቆሎና ድርቆሽስ? ሁሉም እሳት የማይሹ የመንገድ ስንቆች ናቸው። በሶ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ፣ ትንሽ ጨውና ሚጥሚጣ ወይም ማር ተጨምሮበት፣ እስከ ማታ ያቆማል። ከቦርሳዬ ሁለት ኪሎ በሶ አልተለየም።

ሰንበታችንም እንዲሁ ነው። አባቶቻችን በኢትዮጵያ የሰንበትን እሳት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያጠፉ ነበር፤ ቅዳሜን ዓርብ በተዘጋጀ በቀዝቃዛ ምግብ ያሳልፏታል። በሽቪሉ ላይ ስምንት ሰንበት አለፈችብኝ፤ በአንዷም እሳት አላነደድኩም። በቀን 25 ግራም ብትሉት ስምንቱ ሰንበት 200 ግራም ጋዝ ነው፣ አንድ ጣሳ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሰንበትን የምናከብረው ለጋዝ ብለን አይደለም፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን ያለ እሳት መኖር የለመደ ሰው ጋዝ አለቀ ብሎ አይደነግጥም።

መውጣት የምትፈልጉ ልብ በሉ፤ ከኦክቶበር 2023 ጦርነት ወዲህ የሰሜኑ ክፍሎች በየጊዜው ተዘግተው ያውቃሉ፤ ከመነሳታችሁ በፊት የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ ጠይቁ። የምድጃችሁን ዓይነት እወቁ፣ ከአራድ በታች ሱቅን አትመኑ፣ የተረፋችሁን ጋዝ ደግሞ በበረሃ ዋሻ ውስጥ አትጣሉ፤ ለሚቀጥለው ሰው በቤት አኑሩለት።

ነታኒያ ላይ የምትኖረው አክስቴ አሁን ካርቶኗን አስቀምጣለች፤ እስካሁን አራት ጣሳ ገብቶ ሦስት ወጥቷል። ስለ ጋዙ አትጠይቁኝ፣ አላውቅም ትላለች፤ ስለ ልጆቹ ስም ግን ብትጠይቋት አንድ በአንድ ትነግራችኋለች። በሐዴራ፣ በኪርያት ጋትና በዲሞና ያላችሁስ? ማን ይከተላል? ጻፉልኝ፤ እንዴት እንደሚመዘገብ እረዳለሁ፣ ካርቶኑንም ራሴ አመጣለሁ።

እግዚአብሔር መንገደኛውን ይጠብቅ፣ ቤታችሁን ይባርክ። ቸር ያሰማን፣ ሰላም ሁኑ!